ባቡሩ መሬት ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ ለከተማው ነዋሪዎችና ለምህንድስና ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የዛሬውን ርዕስ የነገርኩት አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። «ባጃጅ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ቆመን እየዋልን፣ አንተ የምድር ውስጥ ባቡር ልታወራልን ነው?» አለ። አልፈርድበትም። ደብረ ማርቆስ ነገም ሆነ ከነገ ወዲያ መሃሏን ቆፍራ ባቡር አታስገባም። ማስገባትም የለባትም። ግን አንድ ትልቅ ከተማ መሃሉን ከሥር ሲቆፍር የሚገጥመው ጣጣ፣ እኛ አንድ የውሃ ቱቦ ስንቀብር ከሚገጥመን ጣጣ ብዙም አይለይም። የሚለየው ገንዘቡ ነው። እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መቆፈሩ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ፣ ከመቆፈር በፊት ከላይ ያለውን ሰውና ከሥር ያለውን ነገር ማወቅ ነው።

የውጭ አገሩን ዓመት በፈረንጅ፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ። እንዳትደናገሩ።

ሎስ አንጀለስን ልውሰድ። የመኪና ከተማ ናት። እዚያ ሰው ዳቦ ለመግዛትም መኪና ያስነሳል ይባላል። ይሁንና ከ1990 ጀምሮ ቀስ በቀስ ቀላል ባቡር ዘርግታለች። ቀላል ባቡር ስል አዲስ አበባ ላይ ያያችሁትን ዓይነት ማለቴ ነው። ኃይሉን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ እየወሰደ፣ አንዳንዴ በመንገድ መሃል፣ አንዳንዴ በድልድይ ላይ የሚሄደውን።

መጀመሪያ ወደ ሎንግ ቢች የሚሄደው መስመር ተሠራ። በ2003 ደግሞ ወደ ፓሳዴና። በ2009 ወደ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ። ወደ ሳንታ ሞኒካ የሚሄደው በ2012 ተጀምሮ በ2016 ባሕሩ ዳር ደረሰ። ጥሩ ነው። ችግሩ መሃል ከተማው ላይ ነበር። ሁለቱ መስመሮች ከአንድ ወገን መጥተው መሃል ከተማው ጫፍ ላይ ይቆማሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ከሌላው ወገን መጥተው በሌላው ጫፍ ይቆማሉ። በመካከላቸው የቀረው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር ቢሄዱት ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

ለዚህች ክፍተት ሲባል ከፓሳዴና ሳንታ ሞኒካ የሚሄድ ሰው ሦስት ባቡር ይሳፈር ነበር። አንዱን ይዞ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ መሃል ከተማውን ከሥር ወደሚያቋርጠው ነባር የምድር ውስጥ ባቡር ይገባል፣ ይወርዳል፣ ሦስተኛውን ይጠብቃል። ሕፃን ያዘለች፣ ዕቃ የተሸከመ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ይህን ሁሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ አስቡት። ብዙ ሰው ተማሮ መኪናውን ያስነሳል።

ስለዚህ ክፍተቷን በምድር ውስጥ ለመዝጋት ተወሰነ። 3.1 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ጣቢያ። ሰኔ ወር 2023 ላይ፣ በ16ኛው ቀን ተከፈተ። የወጣው ገንዘብ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። በዚያች አጭር ማገናኛ ምክንያት ከሎንግ ቢች ተነስቶ በፓሳዴና አልፎ አዙሳ የሚደርስ አንድ መስመር ተፈጠረ። ርዝመቱ 79 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ረጅሙ የቀላል ባቡር መስመር ተባለ። ከዚህ ተነስቶ ደጀን ደርሶ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ትንሽ እንደ መውረድ ነው፤ ያውም ሳይወርዱ፣ ሳይቀይሩ።

«ለምን በመንገድ ላይ አያልፍም? ርካሽ አይደል?» ትሉ ይሆናል። ተጠንቷል። መሃል ከተማ ላይ በየመቶ ሜትሩ መንታ መንገድና የትራፊክ መብራት አለ። ሦስት ፉርጎ የተቀጠለ ባቡር ርዝመቱ 80 ሜትር ያልፋል። መብራት ይዞት ከቆመ ጅራቱ ከኋላው ያለውን መንታ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በየጥቂት ደቂቃው ከሁለት አቅጣጫ የሚመጣ ባቡር በዚህ መሃል ቢገባ መኪናውም ባቡሩም ይቆማሉ። ለዚህ ነው ብዙ ከተሞች ዳር ዳሩን በመሬት ላይ፣ መሃሉን ብቻ ከመሬት ሥር የሚያደርጉት። ዘዴው አዲስ አይደለም። ቦስተን በ1897 የመንገድ ባቡሮቿን ከትራፊኩ ለማውጣት ከመሬት ሥር አስገብታለች።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከማሽኑ ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄኛው ክፍል ነው።

መስመሩ ሊትል ቶኪዮ በሚባል ሰፈር ያልፋል። የጃፓን ተወላጆች ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩበት ሰፈር ነው። ከመጀመሪያዎቹ አማራጮች በአንዱ ባቡሩ አብዛኛውን መንገድ ከመሬት ሥር መጥቶ፣ ልክ እነሱ ሰፈር ሲደርስ ወደ ላይ ወጥቶ ትልቁን መንታ መንገድ በመሬት ላይ ያቋርጣል። ሰዎቹ እምቢ አሉ። እምቢታቸው ከድሮ ቂም ጋር የተያያዘ ነው። በ1942፣ አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ፣ መንግሥት የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከቤቱ አንስቶ ካምፕ አስገብቶታል። በ1950ዎቹ ደግሞ ከተማው ከሰፈሩ ቆርሶ የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ሠርቶበታል። እንግዲህ ሦስተኛ ጊዜ መጥተው «ለከተማው ጥቅም ስንል ሰፈራችሁን እንቆፍራለን» ሲሏቸው ምን ይሉ ኖሯል?

ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። ነጋዴው፣ ቄሱ፣ የቡድሃ መነኩሴው፣ የአረጋውያን ማኅበሩ ተጠራ። በመጨረሻ አንድ ሌላ አማራጭ ተጨመረ፤ ሙሉ በሙሉ ከመሬት ሥር የሚሄድ። በ2010 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ፣ በጥቅምት ወር፣ የትራንስፖርት ቦርዱ ያንን መረጠ። ልብ በሉ፤ ያ አማራጭ የመጣው ከሰፈሩ ሰው ጩኸት ነው። ዛሬ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ከሁሉ የተሻለው እሱ ነበር ይላሉ። ሰው ማማከር ፎርም ማስሞላት ብቻ ሲሆን እንዲህ ዓይነት አማራጭ ይቀራል።

ሁሉም ነገር ግን አልሞላላቸውም። መሃል ላይ ታስቦ የነበረ አንድ ጣቢያ ለገንዘብ ሲባል ተሰረዘ። እኔ ብሆን ሌላ ነገር ቀንሼ እሱን አተርፍ ነበር። ግድግዳና ጣሪያ ኋላ ማሳመር ይቻላል። የተዘለለ ጣቢያ ግን፣ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ለመጨመር ጭንቅ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? በ2008 ነዋሪው ድምፅ ሰጠ። በሚገዛው ዕቃ ላይ በእያንዳንዱ ዶላር ግማሽ ሳንቲም ተጨማሪ ቀረጥ እንዲከፍል ተጠየቀ። ለማጽደቅ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። አለፈ። በ2014 መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥቱ 670 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ፈረመ። በዚያው ዓመት መስከረም መገባደጃ ላይ ሥራው ተጀመረ።

አሁን የሚገርመውን ቁጥር ልንገራችሁ። ዋሻ ቆፋሪዋ ማሽን ሥራ የጀመረችው በየካቲት 2017 ነው። ሁለቱን ዋሻ፣ እያንዳንዱ ከ1.7 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን፣ ቆፍራ የጨረሰችው ጥር 2018 ላይ ነው። ዓመት እንኳ አልሞላም። ፕሮጀክቱ ግን ከቁፋሮ መክፈቻው እስከ ምረቃው ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከዚያ በፊት ያለውን የጥናት ጊዜ ሳንቆጥር። ታዲያ ሌላው ጊዜ የት ሄደ?

መሬት ውስጥ ባለው ኮተት ላይ ሄደ።

ፍላወር ስትሪት በሚባለው መንገድ ግራና ቀኙ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ነው። ሕንፃዎቹ ሲሠሩ የመሠረታቸው ጉድጓድ እንዳይናድ በብረት ገመድ ወደ ጎን፣ ወደ መንገዱ ሥር፣ ታስሮ ነበር። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ገመዱን ማንም አላወጣውም። እዚያው ቀረ። ዋሻ ቆፋሪ ማሽን እንዲህ ባለ ብረት መሃል መግባት አትችልም፤ ይጠመጠምባትና ትቆማለች። ስለዚህ ያን መንገድ ከላይ መክፈት ግድ ሆነ። የሕንፃ ባለቤቶች «መንገዳችንን አትከፍቱም፣ ከሥር ሂዱ» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩም ጊዜ በላ።

ከብረቱ ሌላ ቱቦው አለ። የውሃ፣ የጋዝ፣ የፍሳሽ፣ የመብራት፣ የስልክ። ከፊሉ በካርታ ላይ ካለበት ቦታ ርቆ ተገኘ። ከፊሉ ካርታ ላይ ጭራሽ የለም። አንዱን ቱቦ ለማዛወር መጀመሪያ አዲሱን መዘርጋት፣ ከዚያ ማገናኘት፣ ከዚያ አሮጌውን መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የአንድም ሕንፃ ውሃ መቋረጥ የለበትም። በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የታሰበው ሥራ ወደ 1.8 የናረው፣ 2020 ላይ ሊያልቅ የነበረው ወደ 2023 የተገፋው፣ አንዱ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። አሜሪካ ነው እንግዲህ። ካርታ ያላት አገር።

ከላይ ከፍቶ መሥራት እንዴት ነው? በመንገዱ ግራና ቀኝ መጀመሪያ የብረት ምሰሶ ወደ ታች ይተከላል። ከዚያ ትንሽ ይቆፈርና በምሰሶዎቹ ላይ ወፍራም የብረት ወራጅ ይጋደማል። በወራጁ ላይ የኮንክሪት ንጣፍ ይደረደራል። መኪናው በንጣፉ ላይ ይሄዳል፤ ከሥሩ እስካቫተር ይቆፍራል። ከላይ ሰው ቡና እየጠጣ ነው፣ ከሥር አፈር ይጫናል። መልኩ ያምራል። ባለሱቁን ብትጠይቁት ግን ሌላ ታሪክ ይነግራችኋል። ንጣፉ እስኪነጠፍ ያለው ጊዜ አለ። አጥሩ፣ አቧራው፣ ጩኸቱ፣ ደንበኛው መንገድ ቀይሮ መቅረቱ አለ።

ማሽኗ ደግሞ ወደ 1,000 ቶን ትመዝናለች። ስሟ አንጀሊ ነው። ዋሻ ቆፋሪዎች ለማሽናቸው የሴት ስም ያወጣሉ። ይህ ከቅድስት በርባራ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው ይባላል። እኛ ታኅሣሥ 8 ቀን የምናስባት በርባራ፣ እነሱ ዘንድ የማዕድንና የዋሻ ሠራተኞች ጠባቂ ናት። በብዙ አገር ዋሻ ከመጀመሩ በፊት ምስሏን በር ላይ ያቆማሉ። የማያምነው መሐንዲስ እንኳ ዝም ብሎ ያልፋታል እንጂ አያስነሳትም።

የማሽኗ ፊት የሚሽከረከር ጥርስ ነው። ብልሃቷ የቆፈረችውን አፈር ወዲያው አለማውጣቷ ነው። ከፊቷ ባለ ክፍል ውስጥ አፍና ትይዘዋለች። የታፈነው አፈር ከፊት ያለውን መሬት እንዳይናድ ይገፋዋል። ከዚያ የሥጋ መፍጫ ውስጥ እንዳለው ባለ ጠመዝማዛ ቀስ እያለች ታወጣዋለች። ብዙ ካወጣች ከላይ ያለው መንገድ ይሰምጣል። ትንሽ ካወጣች መንገዱ ያብጣል። ከኋላዋ ተሠርተው የመጡ የኮንክሪት ቁራጮችን ክብ አድርጋ ትገጥማለች፤ በኮንክሪቱና በመሬቱ መካከል የቀረውን ክፍተት በሲሚንቶ ድብልቅ ትሞላለች። ከዚያ በገጠመችው ቀለበት ላይ ተደግፋ ራሷን ወደፊት ትገፋለች። ከላይ ባሉት ሕንፃዎች ላይ ደግሞ መለኪያ ተለጥፎ ይጠበቃል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካሉ ደወል ይደወላል።

ተማሪዎች «ይህ ለኛ ሩቅ ነው» እንዳትሉ። ጎጃም እንዲህ ዓይነት ማሽን ገብቶበታል። ጣና በለስን ታውቁታላችሁ። ከጣና ዳር፣ ከቁንዝላ አጠገብ፣ ውሃው ገብቶ 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ በዋሻ ሄዶ ነው ተርባይኑን የሚመታው። ዋሻውን የቆፈረው ማሽን ስፋቱ 8 ሜትር ገደማ ነበር። አንጀሊ 6.5 ሜትር አካባቢ ናት። ከሎስ አንጀለሷ የኛው ይበልጣል። ግንቦት 2002 ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የጣና በለሱ ማሽን ሲሄድ ከላዩ ያለው እርሻና ቁጥቋጦ ነው። ቱቦ የለ፣ ፎቅ የለ፣ የሚከስ ባለሱቅ የለ። ድንጋዩ ብቻ ነው ጠላቱ።

ከተማ ሥር ግን ስህተት ዋጋው ከባድ ነው። ጀርመን አገር ኮሎኝ የምትባል ከተማ እንዲሁ መሃሏን በቀላል ባቡር ልታቋርጥ ከመሬት ሥር ትቆፍር ነበር። በመጋቢት 2009፣ በ3ኛው ቀን፣ ከጉድጓዱ ጎን የነበረው የከተማዋ የታሪክ ቤተ መዛግብት ተደረመሰ። የሺህ ዓመት ብራና፣ ደብዳቤ፣ የከተማ ውል ጉድጓድ ገባ። ሠራተኞቹ ሮጠው ሲጮኹ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ የነበረው ሰው ወጣ። አጠገቡ ባለው መኖሪያ ቤት የነበሩ ሁለት ሰዎች ግን ሞቱ።

ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? ለጉድጓዱ መከለያ ግድግዳ ሲቆፈር ከሥር አንድ እንቅፋት አጋጠመ። ድንጋይ። ቆፋሪው በደንብ ሳያወጣው ታለፈ። እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳው ጉድለት ቀረበት። ከዓመታት በኋላ በዚያች ቀዳዳ የከርሰ ምድር ውሃው አሸዋውን ይዞ ገባ፤ ከሕንፃው ሥር ያለው መሬት ባዶ ሆነ። በምርመራው መሃል ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ግድግዳው ውስጥ መግባት የነበረበት ብረት ከፊሉ ሳይገባ ቀርቶ ለቁራሌው ተሽጧል። ሕንፃውን የጣለው እሱ አይደለም። ግን ፌሮ ማታ ማታ የሚጠፋው እኛ አገር ብቻ ነው ለምትሉ ይህ ይሰማ። መስመሩ ከዚያ ወዲህ ከ15 ዓመት በላይ እዚያ ቦታ ላይ እንደተቆረጠ ነው።

የካናዳዋ ኦታዋ ዕድለኛ ነበረች። በሰኔ 2016 የቀላል ባቡር ዋሻ እየቆፈረች ሳለ ሪዶ የሚባል ዋና መንገዷ ተሰርጉዶ ገባ። የጋዝና የውሃ መስመር ተበጠሰ። መንገድ ዳር የቆመች አንዲት የዕቃ መኪና ገደሉ ዋጣት። ሰው አልተጎዳም። ጉድጓዱ መሙላት ስለነበረበት መኪናዋን ሳያወጡ ኮንክሪት አፈሰሱባት። ባለቤቱን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ኢንሹራንሱን ምን ብሎ አስረድቶ ይሆን?

ወደ አገራችን ልመለስ። አዲስ አበባ የባቡሩን ሥራ ስትጀምር የምድር ውስጡ ነገር የደረሰባት አራዳ ላይ ነው። ከምኒልክ አደባባይ የሚነሳው መስመር እዚያ አካባቢ ከመሬት ሥር ነው። በመንገዱ ላይ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነበረ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ፋሺስት በጥይት የደበደባቸው አባት። ሚያዝያ 2005 ሐውልታቸው ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሲወሰድ ስንቱ እንዳለቀሰ ታስታውሳላችሁ። «አይመለስም» ያለው ብዙ ነበር። በ2008 ተመለሰ። የሚነሳው ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚጠብቀው ለሰው ቀደም ብሎ በዝርዝር ቢነገር ኖሮ ያ ሁሉ ሐሜት ባልኖረ ነበር።

ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ጀመረ። ለጠቅላላው፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው መስመርና ለ39 ጣቢያ፣ የወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 85 በመቶው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። አሁን አስሉት። ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የምድር ውስጥ መስመር ከዚህ በላይ ፈጅቷል። አገሩ፣ ደሞዙ፣ ሕጉ ይለያያል፤ አውቃለሁ። ግን መሬት ላይ መዘርጋትና መሬት ሥር መግባት የዋጋ ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው። ደግሞ መሥራት ብቻ አይደለም። ከ41ዱ የአዲስ አበባ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው አይተናል። መሬት ላይ ያለውን እንዲህ ካቃተን፣ አየር ማስገቢያውን፣ የውሃ መምጠጫውን፣ አሳንሰሩን፣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋውን መብራት ከመሬት ሥር ማን ያኖረዋል? ለዛሬ የደብረ ማርቆስ ትራፊክ ይህን መመኘት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ታዲያ ምን ይሻለናል? አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እዚሁ ከተማ፣ ቦታውን አልናገርም፣ ለኬብል ቦይ ይቆፈር ነበር። እስካቫተሩ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ድሮ ውሃ መስመር ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ከዋንዛው ዛፍ ሥር ሁለት እርምጃ ቆጠሩና ዱላቸውን ተከሉ። «ልጄ፣ እዚህ ጋ እንዳትነካ። ያኔ እኛ የቀበርነው ቱቦ በዚህ ነው የሚያልፈው» አሉት። ልጁ ከወንበሩ ሳይወርድ፣ በአክብሮት ነው፣ «አባቴ፣ ፕላኑ ላይ በወዲያ ማዶ ነው የሚለው» አላቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ነቅለው ፈቀቅ አሉ። እስካቫተሩ አንዴ ዛቀ። ሁለተኛውን ሲዝቅ ውሃው ወደ ላይ ፈነዳ። ቀይ ጭቃው ከቦዩ አልፎ አንድ ሱቅ ውስጥ ገባ፤ ባለቤቷ የጨውና የስኳር ጆንያ ወደ መደርደሪያ ታሸክማለች። የሰፈሩ ልጆች ጀሪካን ይዘው ደረሱ። ሰፈሩ ውሃ ሳያገኝ ሰነበተ።

እኔ ኦፕሬተሩን አልወቅሰውም። ወረቀቱን ነው ያመነው። ሽማግሌውም ልክ ናቸው። የከተማው ካርታ እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እሳቸው ሲያልፉ ካርታውም አብሮ ይቀበራል። ሎስ አንጀለስ ፍላወር ስትሪት ላይ ያጋጠማት ከዚህ በምን ይለያል?

ስለዚህ ከመሬት ሥር ለመግባት የሚደረገው ዝግጅት፣ ባይገባም እንኳ፣ ዛሬ የሚጠቅም ነው። ቦይ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ይነሳ። የስልክ ጂፒኤስም ቢሆን ይያዝ። ጥልቀቱ በሜትር ይለካ። ሙያተኞች አስ ቢልት የምንለው፣ ከተሠራ በኋላ የሚሳለው ትክክለኛ ፕላን፣ ሳይቀርብ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። ይህ ኮንትራት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የሚጠይቅ ነው የጠፋው። ውሃውም፣ መብራቱም፣ ቴሌውም የየራሱን ካርታ በየራሱ መሳቢያ ከሚቆልፍ አንድ ላይ ይቀመጥ። ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ አጣን ስትሉ እሰማለሁ። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኞችን ይዛችሁ አንድ ቀበሌ ብቻ ሳሉ። ሻይ ጋብዟቸው እንጂ በደስታ ይመሯችኋል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሦስቱን ብቻ ላስቀር።

አንድ አባት ተነስተው «ልጄ፣ እንዲህ ሲቆፈር ቤተ ክርስቲያን ሥር ቢደርስ፣ የአባቶች አጽም ቢወጣስ ምን ይደረጋል?» አሉ። አባቴ፣ ጥሩ ጠየቁ። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ተሰሎንቄ ይህ ደርሶባታል። የምድር ውስጥ ባቡሯን በ2006 ጀመረች። ሲቆፍሩ የሮማውያን ዘመን ዋና ጎዳና፣ ከነንጣፉ፣ ከነሱቆቹ ወጣ። ብዙ መቃብርም ወጣ፤ ዕቃው ደግሞ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነበር። «እናንሳው ወይስ በቦታው ይቆይ?» የሚለው ክርክር ለዓመታት ሥራውን አሰረው። የተከፈተው በ2024 መጨረሻ ነው። ዛሬ ጣቢያው ውስጥ የድሮው ጎዳና ይታያል። እኛ ዘንድ ከሆነ መልሴ አጭር ነው። መስመሩ ወረቀት ላይ ሳለ ከካህናቱ ጋር ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ይሄዳል። መቶ ሜትር ማዞር ከአሥር ዓመት ክርክር ይረክሳል።

አንድ ተማሪ ስለ ባሕር ዳር ጠየቀ። ባሕር ዳር ጣና ዳር ናት፤ ውሃው ሩቅ አይደለም። ቴክኒኩ አለ፤ ከዚህ የባሰ ውሃ ውስጥም ይቆፈራል። ግን ለምን? ባሕር ዳር እኮ ከብዙ ከተሞች ቀድማ የታደለችው ነገር አላት። ጀርመኖቹ ፕላኗን ሲነድፉላት መንገዱን ሰፊ አድርገው ነው። ዘንባባ የተተከለበትን ጎዳና አስቡት። እንዲህ ያለ ቦታ እያለ ከመሬት ሥር የሚገባ ገንዘብ የተረፈው ሰው ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያን ስፋት በሱቅ ቅጥያና በአጥር አለማስበላት ነው።

የመጨረሻዋ አንዲት እናት ነበሩ። «እንግዲያስ እዚህ ባቡር ቢመጣ በየት ይሂድ?» አሉኝ። እናቴ፣ በመሬት ላይ ይሂድ አልኳቸው። ለሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን 8 ሜትር ያህል ይበቃል። አዲስ መንገድ ሲከፈት ያን ያህል ቦታ መሃሉ ላይ ይተው። ባቡሩ እኛ ሳንኖር ሊመጣ ይችላል። እስከዚያ ሣር ይብቀልበት።

«ሣር ካበቀላችሁማ የሰፈሩ ላም ሁሉ እዚያው ነው የሚውል፤ መጀመሪያ ለጠባቂው ደሞዝ በጀት ያዙ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ እውነትም ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።